በፍልሰታ ጾም ጣሊያን ውስጥ የምግብ ሥራ ትምህርት፦ እናቴን የት ልውሰዳት?

ማለዳ — ሰኔ 14፣ ከምሽቱ 3:10

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሙኒክ ነው። እናቴ በሐምሌ መጨረሻ ከአዲስ አበባ ትመጣለች፤ የእኔ የዓመት ፈቃድ ደግሞ በነሐሴ መጀመሪያ ላይ ስለሚውል ለአንድ ሳምንት ጣሊያን ልወስዳት አስቤያለሁ። ሙዚየም አትወድም። ባለፈው ጊዜ ስትመጣ አንድ የነገሥታት ግቢ አስጎብኝቻት አዳራሹን ሁሉ በትዕግሥት አይታ ስትጨርስ «ይህን ሁሉ መስኮት ማን ይወለውለዋል?» ብላኝ ወጣች። ሰው ሲያበስል ግን ቆማ ማየት አይደክማትም። ስለዚህ ለጎብኚዎች ከሚሰጡት የግማሽ ቀን የምግብ ሥራ ትምህርቶች አንዱን ላስመዘግባት ፈለግሁ፤ ከዳር ሆና የምታየውን ሳይሆን ራሷ እጇን ሊጥ ውስጥ የምታስገባበትን።

ችግሩ ፍልሰታ ነው። እናቴ ፍልሰታን ከልጅነቷ ጀምሮ አንድም ዓመት አላቋረጠችም፤ ዘንድሮ ለእኔ ብላ ልታቋርጥ አትችልም። ማስታወቂያዎቹን ሳይ ደግሞ ሁሉም እንቁላል የተሰበረበት የዱቄት ክምር፣ ቅቤ፣ አይብና የአሳማ ሥጋ ናቸው። ሠርታ የምትበላው ነገር ያለበት ትምህርት ይገኛል? ሮም ይሻላል ወይስ ቦሎኛ? ዋጋውስ ያዋጣል?

የጎዳና ካርታ — ሰኔ 14፣ ከምሽቱ 4:25

ቦሎኛ ላይ ወስጃለሁ። በአንድ ሰው 85 ዩሮ፣ ስምንት ሰዎች፣ አራት ሰዓት ያህል። በሕይወቴ በደስታ ካወጣኋቸው ገንዘቦች አንዱ ነው፤ ለእናትሽ ግን አይሆንም። የቦሎኛ ሊጥ ቀመሩ አጭር ነው፤ ለ100 ግራም ለስላሳ ነጭ ዱቄት አንድ እንቁላል። ውኃ የሚባል ነገር የለበትም። እንቁላሉን ካወጣሽው የሚቀርሽ ዱቄት ብቻ ነው።

ይህን ሥራ የምትሠራዋን ሴት ስፎሊና ይሏታል። የእኛዋ ስድሳ ያለፋት ትመስላለች፤ ክንዷ ግን የግንበኛ ክንድ ነው። ሊጡን ሩብ ሰዓት አሸችው፣ ግማሽ ሰዓት አሳረፈችው፣ ከዚያም አንድ ሜትር ገደማ በሚሆን ድቡልቡል እንጨት ዳመጠችው። እንጨቱ ማታሬሎ ይባላል። ጥጥ ሲዳመጥ ያየ ሰው የእጁ አካሄድ ይገባዋል፤ ቁልቁል መጫን ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት መለጠጥም አለው። ሰሌዳው እብነ በረድ መሆን የለበትም አለችን፤ የእንጨቱ ሻካራነት በሊጡ ላይ ስለሚታተም ፓስታው ስጎውን አያንሸራትትም። በመጨረሻ ገበታ የሚያክለውን ሊጥ አንሥታ ወደ መስኮቱ ዘረጋችና «በዚህ ውስጥ የሳን ሉካን ቤተ ክርስቲያን ማየት አለባችሁ» አለች። ኮረብታው ላይ ያለው ነው። የእኔ ሊጥ ቀዳዳ ስለነበረው ቤተ ክርስቲያኑ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

ሰዎቹ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቁም። ታሊያቴሌ የሚባለው ረጅም ጠፍጣፋ ፓስታ ስፋቱ ሲቀቀል 8 ሚሊ ሜትር መሆን እንዳለበት በ1972 እ.ኤ.አ. በከተማው ንግድ ምክር ቤት አስመዝግበዋል፤ ይህም በከተማው ያለው የአሲኔሊ ግንብ ቁመት ለ12,270 ሲካፈል የሚገኘው ነው። ግንቡ 97 ሜትር ገደማ ስለሆነ አካፍዬ አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው። በምክር ቤቱ ውስጥ ከወርቅ የተሠራ መለኪያም አላቸው።

የእኔ ስህተት ቀድሜ አለመጠየቄ ነበር። ከታሊያቴሌው ቀጥሎ ቶርቴሊኒ መጣ፤ የሚሞላው የአሳማ ሥጋ፣ ፕሮሹቶና ሞርታዴላ ነው፤ እነርሱም ከአሳማ ናቸው። ሊጡን እያጠፍኩ ለጎረቤቴ አቀበልኩት፣ እሱ እየሞላ ሁለት ሰሃን በላ። «የበሬ ሥጋ ስጎ» ነው ያሉት ራጉ ውስጥ እንኳ ፓንቼታ ነበረበት፤ እሱም አሳማ ነው። በዚያ አካባቢ ፒያዲና የሚባለው ቂጣ ሳይቀር በልማዱ በአሳማ ስብ ይለወሳል። ስለዚህ ለጾመኛም ለማይጾመውም ሐበሻ ቦሎኛ ጥያቄ የሚበዛበት ከተማ ነው።

ከርዕሱ ብወጣም ይህን ልጨምር፤ ከትምህርቱ በኋላ «ሎካንዳ» የሚል ሰሌዳ አይቼ ሥጋ ቤት መስሎኝ ገባሁና ሥጋ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሰውየው ግራ ተጋብቶ «ያለን አልጋ ነው» አለኝ። ለካ በእነርሱ ቋንቋ የእንግዳ ማረፊያ ማለት ነው። እኛ ዘንድ እንዴት ሉካንዳ ቤት እንደሆነ የሚያውቅ ካለ ቢነግረኝ።

ቆጣቢው — ሰኔ 15፣ ከረፋዱ 4:50

85 ዩሮ! ለዱቄትና ለእንቁላል!

ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ አብሲትና ሊጥ ሲታዘዝላት የኖረችን እናት ሊጥ ማሸት ላስተምርሽ ብሎ መውሰድ ለቀባሪው ማርዳት ነው። እነዚህ ትምህርት የተባሉት ነገሮች ቱሪስት ማለቢያ ናቸው። ሽርጥ ያስሩልሻል፣ ፎቶ ያነሡሻል፣ አንድ ብርጭቆ ወይን ይቀዱልሻል፣ ምስክር ወረቀት ብለው አንድ ካርቶን ይሰጡሻል። እኔ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤቴ ቁጭ ብዬ ፓስታ በስጎ እሠራለሁ፤ በርበሬም እጨምርበታለሁ። ማንም ጣሊያን መጥቶ አልከሰሰኝም።

ቀይ ሽንኩርት — ሰኔ 15፣ ከምሽቱ 5:30

ከሥራ አሁን መግባቴ ነው። ጣሊያን ውስጥ በምግብ ቤቶች ማድ ቤት 11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ሚላኖ ነው የጀመርኩት፣ ፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበትን ሰፈር የምታውቁት ታውቁታላችሁ።

ማለዳ፣ ጥያቄሽ ከሚመስልሽ በላይ ቀላል ነው። ወደ ሰሜን አትሂጂ፣ ወደ ደቡብ ውረጂ። የእንቁላል ፓስታ የሰሜኑ ነው፤ በተለይ የኤሚሊያ፣ የቦሎኛ አካባቢ። ደቡቡ ሊጡን ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ዱቄት፣ ከሰሞሊና፣ እና ከውኃ ነው የሚሠራው፣ አለቀ። አብረውኝ የሠሩ የደቡቧ የፑልያ ክፍለ ሀገር ሽማግሌዎች ምክንያቱን ሲነግሩኝ፣ በድሮ ጊዜ እንቁላል ወደ ገበያ እንጂ ወደ ሊጥ አይገባም ነበር ይላሉ። ድህነታቸው ለእናትሽ ጾም ተመቻት ማለት ነው። እዚያው ፑልያ ያለችው ባሪ ሂጂ። ኦሬኪዬቴ የሚባለው፣ «ትንንሽ ጆሮ» ማለት ነው፣ የእነርሱ ነው። በአሮጌው ከተማ አርኮ ባሶ በሚባለው ጎዳና ሴቶች ደጃፋቸው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ሲሠሩ ታገኛቸዋለሽ። (ከደጃፍ የሚሸጠው ሁሉ በእጅ የተሠራ አይደለም የሚል ክርክር እዚያው አለ። ሲሠሩ ካየሽው ግዢ።) ፎካቻ የሚሉት ዳቧቸው ሊጡ ድንች ያለበት፣ ከላይ ቲማቲም፣ ወይራና ዘይት ብቻ ነው። ከደረቅ ባቄላ የሚሠራ ፋቬ ኤ ቺኮሪያ የሚባልም አላቸው፤ ስለ እሱ አልናገርም፣ እናትሽ ራሷ ትነግርሻለች።

ስለ ቀኑ ግን ተጠንቀቂ። ነሐሴ 9 ላይ በፈረንጆቹ ኦገስት 15 ነው፤ ፌራጎስቶ ይሉታል። በዚያ ሰሞን የጣሊያን ግማሹ በሩን ዘግቶ ባሕር ዳር ይወርዳል። ከነሐሴ 7 በፊት ያዥ፣ ያስያዝሽውንም በስልክ አረጋግጪ።

ስትመዘገቢ «እንጾማለን» ብለሽ አትጻፊ። ዲጁኖ የሚለው ቃላቸው ምንም አለመብላት ስለሆነ «ታዲያ ለምን ትመጣላችሁ?» ይሉሻል። «ቬጋኖ» በይ። ለማረጋገጥ ደግሞ ሴንጻ ካርኔ፣ ሴንጻ ኡኦቫ፣ ሴንጻ ላቴ፣ ሴንጻ ፔሼ ብለሽ ጨምሪ፤ ያለ ሥጋ፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት፣ ያለ ዓሣ። ይህ የመጨረሻው አስፈላጊ ነው፤ የባሪ ሰዎች አንቾቪ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ ዘይት ውስጥ አቅልጠው ያጠፉታል፣ ዓይንሽ አያየውም።

ለወንድሜ ለቆጣቢው፦ ግማሽ እውነት ብለሃል። ሃያ ሰው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አቁመው አንድ ሰው ብቻ የሚያሽበት አለ፤ ስጎው ከጣሳ የሚወጣበትም አለ። ስለዚህ ስንት ሰው እንደሚሆኑ ጠይቂ፣ እያንዳንዱ የራሱን ሊጥ ያሻል ወይ ብለሽ ጠይቂ። ሊጡ ታሽቶ ከጠበቀሽ የከፈልሽው ለትምህርት ሳይሆን ለምሳ ነው።

ዘቢብ — ሰኔ 16፣ ከጠዋቱ 1:15

ጅዳ ሆኜ ነው የማነብበው። ሙስሊም ለሆነ ሰውም ይህ ክር ጠቃሚ ነው፣ አሳማውን የጎዳና ካርታ ስለነገረን አልደግመውም። እኔ ሮም ላይ የወሰድኩት ትምህርት ካርቦናራና አማትሪቻና የሚባሉ ፓስታዎች ነበር፤ ሁለቱም ጓንቻሌ የሚባል የአሳማ ጉንጭ ይገባባቸዋል። ቀድሜ ስለጻፍኩላቸው በካቾ ኤ ፔፔ ቀየሩልኝ፤ እሱ ፔኮሪኖ አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። ፔኮሪኖ ሮማኖ የሚረጋው ከበግ ጠቦት ጨጓራ በሚወጣ ነገር ስለሆነ እሱንም የሚጠነቀቅ ሰው አለ፤ እኔ በላሁት። ቲራሚሱ የሚባለው ጣፋጭ ላይ ግን መጠጥ አለበት ወይ ብዬ ባልጠይቅ ኖሮ አልፎኝ ነበር። ወይን ደግሞ ስጎ ውስጥ ሲጨምሩ እንደ ውኃ ነው የሚቆጥሩት፣ አይነግሩሽም።

እናትሽን ሰላም በይልኝ። የእኔም እናት መስኮት ነው የምትቆጥረው።

እሳት ዳር — ሰኔ 16፣ ከቀኑ 8:05

ናፖሊንም አትርሱ። ፒዛ ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፤ የጾም ምግብ። የባሕር ስም ቢኖረውም ዓሣ የለበትም። እኔ እዚያ ሦስት ሰዓት ተምሬያለሁ። መዳመጫ ክልክል ነው፤ ሊጡን በጣቶችሽ ከመሃል ወደ ዳር ትገፊዋለሽ፣ አየሩ ወደ ጠርዙ ሸሽቶ እዚያ ይነፋል። ከዚያ ምድጃ ውስጥ፣ ከ430 ዲግሪ በላይ በሆነ እሳት፣ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ። የመጀመሪያዬን ለማዞር ሳመነታ አንድ ጎኑ ከሰል ሆነ። አስተማሪው ምንም ሳይል ለራሱ ወስዶ ቀድዶ በላው።

ቀይ ሽንኩርት የታሸ ሊጥ ከጠበቀሽ ምሳ ነው ያለው ፒዛ ላይ አይሠራም። የፒዛ ሊጥ ቢያንስ ስምንት ሰዓት መቆየት ስላለበት አንቺ የምታሺው ለሌላ ቀን ነው፣ የምትጋግሪው ትናንት የመጡ እንግዶች ያሹትን። ለእንጀራ ሊጥ ሦስት ቀን ለምንጠብቅ ሰዎች ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ አብረውኝ የነበሩት ፈረንጆች ግን ተከፍተው ነበር። ይህ የናፖሊ ፒዛ ሠሪዎች ጥበብ በ2017 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ከማይዳሰሱ ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። አስተማሪያችን በሦስት ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ነግሮናል።

ቆጣቢው — ሰኔ 16፣ ከምሽቱ 2:40

ማርጌሪታ የተባለችው ፒዛ ለጣሊያን ንግሥት ለማርጌሪታ ክብር በ1889 እ.ኤ.አ. ተሠራች ይባላል አይደል? የታሪክ ሰዎች ቢጠራጠሩትም። የንግሥቲቱ ባል ደግሞ ንጉሥ ኡምቤርቶ ነው። በዚያው ዓመት፣ በእኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ውጫሌ ላይ ውል ተፈረመ፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላው አድዋ። ሰውየው ፒዛውን ቢያጣጥም ይሻለው ነበር።

እናትየው ማሪናራ ይብሉ። ማርጌሪታን አልደግፍም።

ማለዳ — ሰኔ 18፣ ከምሽቱ 1:30

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባሪን መረጥኩ። ምግቡ ብቻ አይደለም፤ የቅዱስ ኒቆላዎስ ዐፅም እዚያ እንዳለ ስነግራት በስልክ እልል አለች። አሁን ጉዞው የእኔ መሆኑ ቀርቶ የእሷ ሆኗል። ሻንጣዋ ውስጥ ጧፍ እንዳለበት ከወዲሁ አውቄያለሁ።

አንድ ጥያቄ፦ ሰሞሊና የሚባለው እኛ አገር ካለው የፉርኖ ዱቄት ይለያል? ስትመለስ ልትሠራው ትፈልጋለች።

ጡረተኛው — ሰኔ 19፣ ከረፋዱ 3:20

ልጄ፣ በደንብ ይለያል። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ስንዴ ላይ ነውና ትንሽ ላስረዝም።

የፉርኖ ዱቄት ከለስላሳ ስንዴ ነው፤ ነጭ፣ ብናኝ፣ ለዳቦ የሚሆን። ሰሞሊና የሚፈጨው ከዱረም ስንዴ ነው። ፍሬው ጠንካራ፣ ሲሰበር ብርጭቆ የሚመስል፣ ዱቄቱ ቢጫና እንደ ደቃቅ አሸዋ በጣት መካከል የሚሻክር። ለባሪው ሥራ ሁለት ጊዜ የተፈጨ፣ ሪማቺናታ የሚሉት ነው የሚፈለገው። ለስላሳውን በውኃ ብቻ ለውሰሽ ብትቀቅዪው ይልፈሰፈሳል፤ በሰሜን እንቁላል የሚጨመርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ጣሊያኖች ደረቅ ፓስታ ከዱረም ውጭ እንዳይሠራ በ1967 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥተዋል።

የሚገርመው ዱረም ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ቫቪሎቭ ከ1926 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ወደ አገራችን መጥቶ የስንዴያችንን ብዛት አይቶ ተደንቋል። እናቶቻችን ቂንጬ የሚሰብሩለት፣ ንፍሮ የሚቀቅሉለት ጠንካራው ስንዴ አብዛኛው እሱ ነው። ደብረ ዘይት ያለው የምርምር ማዕከል ለረጅም ዘመን ሲያሻሽለው ኖሯል። እናትሽ ንጹሕ የዱረም ስንዴ ገዝታ፣ አስፈጭታ፣ በወፍራሙ ወንፊት ሳይሆን በደቃቁ ሁለት ጊዜ ብትነፋው ይሠራላታል። የባሪውን ያህል ባይለሰልስም ይያዛል።

ማለዳ — ነሐሴ 21፣ ከምሽቱ 2:15

ተመልሰናል። ቃል የገባሁትን ልጻፍ፤ እማዬም አጠገቤ ቁጭ ብላ «ይህንንም ጻፊ» እያለች ነው።

መጀመሪያ ሮም ላይ ለመንገድ ማሟሻ ብዬ ያስያዝኩት ሌላ ትምህርት ሦስት ቀን ሲቀረው ተሰረዘ። ፌራጎስቶ! ገንዘቡ ቢመለስም የቀይ ሽንኩርትን ምክር ለባሪ እንጂ ለሮም ስላልተጠቀምኩበት ራሴን ታዘብኩ። ከሮም ባሪ በባቡር አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ እማዬ መንገዱን ሁሉ የወይራ ዛፍ እየቆጠረች ሄደች።

ጠዋት ቅዱስ ኒቆላዎስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ዐፅሙ ከምድር ቤቱ ነው ያለው፤ ከየአገሩ የመጡ ኦርቶዶክሳውያን ተንበርክከው ነበር። የባሪ መርከበኞች በ1087 እ.ኤ.አ. በዛሬዋ ቱርክ ካለችው ከሚራ እንዳመጡት ስነግራት «ባለቤቶቹን አስፈቅደው ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለችና «እሱ ካልፈለገ አይመጣም ነበር» ብላ ጧፏን አበራች።

ትምህርቱ በአሮጌው ከተማ በአንዲት ሴትዮ ቤት ነበር፤ በአንድ ሰው 70 ዩሮ፣ ከእኛ ሌላ ሦስት ሰዎች ብቻ። ቬጋኖ ብዬ ስለጻፍኩ ሴትዮዋ ገና ከበሩ «ይህ ፓስታ እንቁላል አይቶ አያውቅም» ብላ ሳቀች። ለእያንዳንዳችን 400 ግራም ሰሞሊና፣ 200 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውኃና ቁንጥጫ ጨው ቀረበልን። እማዬ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ሚዛኑን ቀስ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው ዳር መግፋት ነው። ውኃውን በእጇ ጭብጥ እየጠለቀች ረጨችበት። ሴትዮዋ መጥታ ሊጡን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አየችው፣ የእኔንም እንዲሁ አየችው፣ ከዚያም የእኔን ወስዳ ለእማዬ ሰጠቻት። ሊጡን በጨርቅ ሸፍናችሁ አሳርፉ ልትለን ዞር ስትል የእማዬ ሊጥ በነጠላዋ ጫፍ ተሸፍኖ አገኘችው።

ኩራታችን እዚህ ላይ አበቃ። ሊጡ በመዳፍ እየተንከባለለ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ገመድ ይሆናል፣ በዚያው ልክ ይቆረጣል። ቀጥሎ አፉ በደነዘዘ ቢላዋ እያንዳንዱን ቁራጭ በሰሌዳው ላይ ጫን ብሎ ወደ ራስ መጎተት ነው፤ ቁራጩ በቢላዋው ላይ ይጠቀለላል። ከዚያ በአውራ ጣት ጫፍ ላይ ገልብጠሽ ታለብሽዋለሽ፣ ውስጡ ውጭ ይሆናል፣ ሻካራ ጀርባ ያለው ትንሽ ጆሮ ይወጣል። ሴትዮዋ በአንድ ትንፋሽ አምስት ስድስት ትሠራለች። የእማዬ የመጀመሪያዎቹ ሃያ ያህል ተቀደዱ። ስትናደድ አይታ ሴትዮዋ አጠገቧ ቁጭ አለችና የእማዬን አውራ ጣት ይዛ መራቻት። ቋንቋ የላቸውም። እማዬ «ቀስ፣ ቀስ» ትላለች፣ እሷ «ፒያኖ፣ ፒያኖ» ትላለች፤ ለካ አንድ ነገር ነው የሚሉት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እማዬ ሦስቱንም እንግዶች ቀደመች። እኔን መጥቀስ አያስፈልግም። የተሠራው በወንፊት ጣውላ ላይ ሲሰጣ «እንደ በርበሬ!» አለች።

ምድጃው ላይ ነጭ ሽንኩርት በወይራ ዘይት፣ ትንንሽ ቲማቲምና በሶብላ የሚመስለው ባዚሊኮ ተጣደ። እማዬ ድስቱን እያሳየች «ስጎ?» ስትል ሴትዮዋ እጇን አጨበጨበች፤ «ሱጎ! ሲ! ሱጎ!» ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጓደኛሞች ሆኑ። የራፓ ቅጠል የሚባለው፣ ከአንቾቪ ጋር የሚሠራው የታወቀው ማባያቸው በነሐሴ ወቅቱ አይደለም፣ ስለዚህ አንቾቪውም አላስቸገረን። አይቡን ለሌሎቹ ከመበተኗ በፊት የእማዬን ሰሃን አርቃ አስቀመጠችው።

ማናችንም ያላሰብነው ነገር አሁን መጣ። ምሳው የቀረበው ከቀኑ ሰባት ተኩል ላይ ነው። እማዬ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትቀምስም! እኔ ልጇ ረሳሁት። ሁሉም ሲበላ እሷ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። ሴትዮዋ ምግቡ ያስጠላት መስሏት ፊቷ ተለዋወጠ። «እማዬ፣ መንገደኛ እኮ ነሽ፣ ይፈቀድልሻል» ብላት «መንገደኛ በእግሩ የሚሄድ ነው፣ እኔ በባቡር ተኝቼ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ሰዓቴን እያሳየሁ በተሰባበረ ጣሊያንኛ አስረዳሁ። ሴትዮዋ ሰማችኝ፣ የእማዬን ሰሃን በሌላ ሰሃን ከደነች፣ የራሷንም ሰሃን ከድና አጠገቡ አኖረችው።

ሌሎቹ እንግዶች ሄዱ። እኛ ሦስታችን ባቄላ ስንፈትሽ ቆየን። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኦሬኪዬቴውን በመጥበሻ ላይ በዘይት እንደገና አሞቀችው፤ ጠርዙ ትንሽ ተጠብሶ፣ እኔ ትኩሱን ከበላሁት ይልቅ የእነርሱ ጣፈጠ። ቀጥሎ ፋቬ ኤ ቺኮሪያ መጣ፤ ተልጦ የደረቀ ባቄላ እስኪሟሟ ተቀቅሎ፣ ከላዩ መራራ ቅጠልና ጥሬ የወይራ ዘይት። እማዬ አንድ ጊዜ ጎረሰች። «ይህማ የባቄላ ክክ አልጫ ነው። እርዱን ረስታዋለች።» ሁለት ጊዜ አስጨምራ በላች።

ቀይ ሽንኩርት — ነሐሴ 21፣ ከምሽቱ 6:00

እናትሽ ትነግርሻለች ብዬ አልነበር። የመጀመሪያ ቀን ፋቬ ያቀመሱኝ ጊዜ እኔም እርድ ፍለጋ መደርደሪያውን አምሻለሁ።

ዘቢብ — ነሐሴ 22፣ ከጠዋቱ 1:40

ሰሃኗን ከድና የጠበቀችው ሴትዮ ላይ ስደርስ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ቆጣቢው — ነሐሴ 23፣ ከቀኑ 10:30

እሺ፤ ተሸንፌያለሁ ማለት አይደለም፣ ግን ትናንት ቤቴ ሞከርኩት። ጆሮ ሳይሆን ሙጫ ሆነ። ቢላዋው ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ቀረ፣ ባለቤቴ ለመሳቅ ከማድ ቤት ወጣች። ልኬቱን እንደገና ጻፊልኝ፤ በግራም ይሁን፣ በጭብጥ እንዳይሆን።

ጡረተኛው — ነሐሴ 23፣ ከምሽቱ 12:15

በየትኛው ዱቄት ነው የሠራኸው?

ቆጣቢው — ነሐሴ 23፣ ከምሽቱ 12:40

ቤት ባገኘሁት ጋሼ። ነጭ።

ጡረተኛው — ነሐሴ 23፣ ከምሽቱ 12:50

ያን ሁሉ የጻፍኩት ለማን ነበር?

ማለዳ — ነሐሴ 23፣ ከምሽቱ 2:05

400 ግራም ለ200 ሚሊ ሊትር፣ ሰሞሊናው ሲገኝ። እማዬ ደግሞ ሌላ ነገር ጠይቂልኝ ብላኛለች፦ «ውኃውን በአንድ ጊዜ ደፍተውት ይሆን?»

ቆጣቢው — ነሐሴ 23፣ ከምሽቱ 2:10

በአንድ ጊዜ ነው የደፋሁት።